«አይ» ከ«ዓይን» አልመጣም፦ ለተማሪዎቼ የዘገየ እርማት

ወዳጆቼ፣ በተለይ እዚህ ገዘር ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ጽሑፉ ረጅም ነው። ኔትወርክ ካለና ጊዜ ካላችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ ካልሆነ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። «ቲቸር፣ የእንግሊዝኛው አይ ከኛ ዓይን የተወሰደ ነው ብለው አስተምረውን ነበር። ትናንት ክላስ ውስጥ ተናገርኩት። ማስረጃሽ ምንድነው ተባልኩ፤ ምንም አልነበረኝም። ሁሉም ሳቀብኝ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ከነማክበሯ ነው የጻፈችው። እሱ ነው የባሰብኝ።

እውነቷን ነው፣ ብያለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነበሩ፤ ስድስተኛ ፔሬድ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ግማሾቹ ዴስክ ላይ ተኝተዋል። እነሱን ለማንቃት ብዬ ፌስቡክ ላይ ያነበብኩትን ጣል አደረግኩ፦ «እንግሊዞች አይ የሚሉት ከኛ ወስደው ነው፤ ን ብቻ ነች የጣሏት።» ክፍሉ አጨበጨበ። ጭብጨባ ደግሞ ለአስተማሪ ክፉ ነገር ነው፤ የተናገርከው ሁሉ እውነት ይመስልሃል። ከዚያም በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ያለኝም ዲፕሎማ ነው። የቋንቋ ሊቅ ነኝ ብዬ አላውቅም። ግን ተማሪዬ በኔ ምክንያት ከተሳቀባት መልሱን ፈልጌ ማምጣት የኔ ዕዳ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያገኘሁትን መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ከረምኩ። እውነቱ ከነገርኳችሁ ተረት ይበልጥ የሚገርም ሆኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ሁለት ቃላት በድምፅ ስለተመሳሰሉ ዘመድ ናቸው አይባልም። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ። የልጁና የልጅቷ መልክ ተመሳሰለ አልተመሳሰለ ብለው አያዩም፤ ቁጭ ብለው ዘር ይቆጥራሉ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። የቃል ዝምድናም እንደዚሁ ነው። የቃሉን ዘመዶች በሙሉ ሰብስበህ፣ የእያንዳንዷን ድምፅ አካሄድ ቆጥረህ ወደ ላይ ስትወጣ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ ያኔ ዘመድ ናቸው ትላለህ።

እስቲ የ«ዓይን»ን ዘመዶች እንሰብስብ። በግእዝ ዐይን ነው። በትግርኛ ዓይኒ፣ በሐረሪ ኢን፣ ከጉራጌ ቋንቋዎች በቸሃ ኤን። ባሕሩን ስንሻገር በዐረብኛም በዕብራይስጥም ዐይን፣ በአራማይክ ዐይና ይባላል። የባቢሎንና የአሦር ሰዎች በሸክላ ላይ ይጽፉት በነበረው በአካድኛ ደግሞ ኢኑ ነው። ልብ በሉ፤ ን ሁሉም ላይ አለች፣ አንዱም አልጣላትም። የ አንዳንዱ ቦታ ትሰማለች፤ ሌላው ቦታ ከአናባቢው ጋር ቀልጣ ኢ ወይም ኤ ሆናለች። ከጉሮሮ ጥልቀት የሚወጣው የመጀመሪያው ድምፅ ዐ በትግርኛና በዐረብኛ ዛሬም ይሰማል፤ በአካድኛና በአማርኛ ጠፍቷል።

ሊቃውንቱ እነዚህን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሁሉም እናት የሆነችውን ቃል መልሰው ይገነባሉ፦ *ዐይን። ፊቷ ላይ ያለችው ኮከብ ጌጥ አይደለችም። «ይህን ማንም ጽፎት አላገኘንም፤ ከልጆቹ ተነስተን የደረስንበት ነው» የሚል የታማኝነት ምልክት ናት። ልማዱን ያስፋፋው አውጉስት ሽላይኸር የተባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሊቅ ነው። እኔም ያን ቀን ለተናገርኩት ነገር ቢያንስ አንድ ኮከብ ባደርግለት ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ይህች እናት ቋንቋ መቼ ተነገረች? ትክክለኛ ዓመት የሚሰጥ ወረቀት የለም። ግን አካድኛ ከዛሬ 4,500 ዓመት ገደማ በፊት ራሱን ችሎ ሲጻፍ እናገኘዋለን። ልጅየው በዚያን ጊዜ ካደገ እናትየው ከዚያ ትቀድማለች ማለት ነው። ግእዝ የዐረብኛና የዕብራይስጥ እናት ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም፣ ወንድማማቾች ናቸው። አማርኛም ቢሆን ብዙ ሊቃውንት የግእዝ ቀጥተኛ ልጅ ሳይሆን የቅርብ ዘመዱ ልጅ ነው ይላሉ፤ ቃል ግን ከግእዝ በገፍ ወስዷል። ይህን በመናገሬ የሚቀየመኝ ካለ ቡና ይጥራኝና እንነጋገር።

አሁን የ«አይ»ን ዘር እንቁጠር። እንግሊዝኛ ከ1,000 ዓመት በፊት ሲጻፍ ይህ ቃል «ኤአገ» ነበር፤ በግ ፊደል። ዛሬ የ የሆነችው ያቺ ግ ናት። ጀርመኑ እስከ ዛሬ «አውገ» ይላል። የጥንት ሮማውያን «ኦኩሉስ»፣ የሊትዌንያ ሰዎች «አኪስ»፣ በህንድ ሳንስክሪት «አክሺ»። እዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም ጋ ክ ወይም ግ አለ። በኛ ቤተሰብ ሁሉም ጋ ን አለ፣ ክ አንድም ቦታ የለም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ሁለቱ ቃላት እየተቀራረቡ መሄድ ሲገባቸው እየተራራቁ ሄዱ። ዛሬ «አይ» እና «ዓይን» የተመሳሰሉት መንገድ ላይ እንደሚተላለፉ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ ከዲመካ ይመጣል፣ አንዱ ከሶዶ፣ ጂንካ መናኸሪያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይነካካሉ።

እንግሊዝኛ የምታነብቡ አንድ ነገር ልታነሡብኝ ትችላላችሁ፦ ድሮ የብዙ ቁጥሩ «አየን» ይባል ነበር፣ ን አለችበት እኮ! አዎ አለች። ግን ያቺ ን የብዙ ቁጥር ምልክት ናት፤ በሬ «ኦክስ»፣ በሬዎች «ኦክሰን» እንደሚባለው። የቃሉ ሥር አይደለችም።

ከዚያው ከ«አይ» ቤተሰብ አንድ ዘመድ ልጨምርላችሁ፤ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ነው። የስላቭ ሕዝቦች፣ ማለትም ሩሲያ፣ ፖላንድ፣ ቼክ፣ ሰርቢያ፣ ቡልጋሪያና ሌሎቹም፣ የጋራ እናት ቋንቋ ነበረቻቸው። እሷም ፊደል አልነበራትም። ጽሑፍ ወደ ስላቮች የገባው በ9ኛው ክፍለ ዘመን በሁለቱ ወንድማማቾች በቄርሎስና በሜቶዲዮስ ነው። ከልጆቿ ተነስተው የገነቡት የእናትየዋ ቃል *ኦኮ ነው፤ ዓይን ማለት። ይህ ቃል ባለቤት ሲሆን *ኦኮ፣ ዘርፍ ሲሆን ደግሞ *ኦቼሴ ይሆን ነበር። ክ የት ሄደች? ኤ ስትመጣባት ወደ ች ተለወጠች። ይህ ጸባይ ለኛ ባዕድ አይደለም። ወንዱን «ክፈት» እንላለን፤ ሴቷን ደግሞ «ክፈቺ»። ኢ ስትመጣ የኛ ት ወደ ች ትሸሻለች፤ የነሱ ክ እንደዚሁ። ምላስ የትም አገር ምላስ ነው፣ ድካም አይወድም። ግን ይህ ዝምድና አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ዳገት ላይ አንድ ዓይነት ሲያለከልኩ እንደማለት ነው።

ወደ ራሳችን ቃል እንመለስ፤ የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። የጥንቷ የኛ እናት ቋንቋ አንድን ስም እንደ ሥራው መጨረሻውን ትለዋውጠው ነበር። ባለቤት ሲሆን አጭር ኡ፣ ዘርፍ ሲሆን አጭር ኢ፣ ተሳቢ ሲሆን አጭር አ። በኛ ፊደል ስንጽፈው *ዐይኑ፣ *ዐይኒ፣ *ዐይነ ይመጣል፤ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ግዕዝ። በአካድኛ ይህ በሸክላው ላይ ተጽፎ ይገኛል፦ ኢኑም፣ ኢኒም፣ ኢናም። ቁርኣን የቀራችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ በዐረብኛ ታውቁታላችሁ፦ ዐይኑን፣ ዐይኒን፣ ዐይነን። በመካከላቸው ሺህ ዓመታት ያሉ ሁለት ቋንቋዎች እነዚህኑ ሦስት መጨረሻዎች በዚያው ሥራ ላይ ሲያውሉ አጋጣሚ ነው ማለት አይቻልም። «ዘር መቁጠር» ያልኩት ይህን ነው። የቃሉ ሥር ብቻ ሳይሆን ጅራቱም ጭምር ሲገጥም ነው ዝምድናው የሚረጋው።

ግእዝ ጋ ስንደርስ አንድ ነገር ተከሰተ። አጭር ኡ እና አጭር ኢ ሁለቱም ወደ ሳድስ ተቀየሩ፤ ቃል መጨረሻ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ጭራሽ ጠፉ። ስለዚህ *ዐይኑም *ዐይኒም «ዐይን» ሆነው ቁጭ አሉ። አጭሩ አ ግን ግዕዝ ሆኖ ተረፈ፤ «ዐይነ»። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ብትጠይቁ በግእዝ ተሳቢ ሲሆን የስሙ መጨረሻ ወደ ግዕዝ ይለወጣል ይላችኋል። የቆሎ ተማሪው በየደብሩ በቃሉ የሚይዘው ያ ሕግ ጽሕፈት ካልነበረበት ዘመን የተረፈ ነው። ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፣ ሁለቱ ሞተው አንዱ ቀረ።

ያቺው «ዐይነ» የምትለው ቅርፅ በግእዝ ሌላም ሥራ አላት፤ አንድን ስም ከባለንብረቱ ጋር ታያይዛለች። እሷ ደግሞ አማርኛችን ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጣለች፣ እኛ ልብ አላልናትም እንጂ። ለምን «ዓይነ ስውር» እንላለን? ለምን «ዓይን ስውር» አንልም? ዓይነ ጥላ፣ ዓይነ ርግብ፣ በዓይነ ቁራኛ... በነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለችው ነ የጥንቱ እርባታ ቅሪት ናት። አማርኛ ራሱ እንዲህ አያረባም፤ የኛ ዘርፍ በ«የ» ነው፣ ተሳቢያችን በ«ን» ነው። የዓይን ሐኪም፣ ዓይኔን። «ዓይነ ስውር» የሚለው አማርኛ ንግግር መሀል ቆሞ ያለ የግእዝ ድንጋይ ነው።

ከሁሉ ደስ ያለኝ «ዓይነ ውሃ» ነው። «የሰውዬው ዓይነ ውሃ አላማረኝም» ስንል አስተያየቱን፣ መልኩን ማለታችን ነው። ግን በግእዝ ዐይን ማለት ከመመልከቻው ሌላ የውሃ ምንጭም ማለት ነው። በዐረብኛም እንደዚያ፣ በዕብራይስጥም እንደዚያ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተደበቀባት «ዓይንጋዲ» ስሟ የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው፤ ምንጭ ማለት ነው። ለሥራ ወደ ኤምሬትስ የሄዱ እህቶቻችን የሚያውቋት «አል ዐይን» ከተማም ምንጩ ማለት ናት። ለምን ዓይንና ምንጭ አንድ ቃል ሆኑ? ሁለቱም ውሃ ስለሚያፈልቁ ይሆናል። ወይም ምንጭ ስታዩ ከመሬት ውስጥ የሚያያችሁ ነገር ያለ ይመስላል፤ ገዘር አካባቢ በጧት ውሃ የቀዳ ሰው ይህን ይረዳዋል።

«ዓይነት» የሚለው ቃልም ከዚሁ ከ«ዓይን» የተረባ ነው። የምናየውን ሁሉ የምንለይበት ቃል ከመመልከቻችን ወጣ። በተቃራኒው ደግሞ «አየ» የሚለው ግስ ከ«ዓይን» የመጣ ይመስላል፤ አይደለም። መዛግብተ ቃላት የሚያገናኙት ከግእዙ «ርእየ» ጋር ነው። «ራእይ» እና «ትርኢት» ውስጥ ያለችው ር በአማርኛው «አየ» ላይ ወድቃለች። እንግዲህ እዚሁ አማርኛ ውስጥ፣ በድምፅም በትርጉምም የሚቀራረቡ ሁለት ቃላት እንኳ ዘመድ ካልሆኑ፣ እኔ ለንደን ድረስ ምን ወሰደኝ?

አሁን ስለ ጥንድ። የጥንቷ እናት ከነጠላና ከብዙ ሌላ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ነበራት፤ ለሁለት ነገር ብቻ። ለዓይን፣ ለጆሮ፣ ለእጅ በጣም ይመቻል። የመጽሐፍ ዐረብኛ ዛሬም ሁለት ዓይን ለማለት «ዐይናኒ» ይላል። ዕብራይስጥ «ዔናይም»። ግእዝ ግን ይህን ቁጥር ጥሎታል፤ የቀረችው ፍርፋሪ ናት፣ ለምሳሌ ሁለት ማለት የሆነው «ክልኤ»። በምትኩ ለብዙ ቁጥር ቃሉን ከውስጥ ሰብሮ ያበዛዋል፦ ዐይን፣ አዕይንት። ገብር ሲበዛ አግብርት፣ ርእስ ሲበዛ አርእስት እንደሚሆነው። በነገራችን ላይ እኛ «አርእስት» የምንለው ብዙ መሆኑን ረስተን እንደ ነጠላ ቆጥረን «አርእስቶች» እንላለን፤ የብዙ ብዙ። እኔም ስጽፍ ኖሬአለሁ፣ አልተውም። «አዕይንት»ን ግን አሁን የምትሰሟት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቅዱሳኑ አካል አንድ በአንድ ሰላም በሚባልበት በመልክእ ድርሰት ላይ ዓይን ጋ ሲደረስ የምትመጣው እሷ ናት።

አማርኛ «ዓይኖች» አለ። ይህች «ኦች» የግእዙ «አት» ልጅ ናት ይላሉ፤ ንጉሥ፣ ነገሥታት የሚለው ላይ ያለችው አት። ግን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ «ዓይኔን አመመኝ» ሲል ነርሷ «አንዱን ነው ሁለቱንም?» ብላ ትጠይቃለች፤ ከቃሉ አይታወቅማ። «ዓይኗ ያምራል» ስንልም ሁለቱን ማለታችን ነው፤ አንዱን ብቻ ያደነቀ ሰው አላየሁም። አንዱን ብቻ ስንፈልግ ግን ቁጥር እንጨምራለን፣ «አንድ ዓይና» እንላለን። ማለት በአማርኛ «ዓይን» ብለን ስንጀምር ጥንዱ ነው ቀድሞ የሚመጣው። የጥንዱ ቁጥር ጅራት ጠፍቶ ሐሳቡ የቀረ ይመስለኛል። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ኮከብ አድርጉበት።

ስላቮቹስ? በጣም የሚገርመው እነሱም ከዚያኛው ቤተሰብ የጥንድ ቁጥር ወርሰው ነበር፤ *ኦኮ ነጠላ፣ *ኦቺ ጥንድ። ዛሬ ሩሲያኛም ፖላንድኛም ቼክኛም እንደ ሕግ ጥንድ ቁጥር የላቸውም፣ ጥለውታል። ዓይን ላይ ግን ጥንዱ አልለቀቀም፤ የዛሬው ብዙ ቁጥራቸው የድሮው ጥንድ ነው። ሩሲያ የተማራችሁ ታላላቆቻችን «ዓይን እኮ በሩሲያኛ ግላዝ ነው» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ በዕለት ንግግር «ግላዝ» ቦታውን ነጥቆት «ኦኮ» እና «ኦቺ» ለግጥምና ለዘፈን ቀርተዋል። ግን መነጽር ምን ትሉ ነበር? «ኦችኪ» አይደል? ያውላችሁ ጥንዱ፣ አፍንጫችሁ ላይ ተቀምጦ። መስኮት ማለት የሆነው «ኦክኖ»ም የዚሁ የ«ኦኮ» ልጅ ነው፤ የቤት ዓይን እንደማለት። ሁለት ቤተሰቦች፣ ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው፣ ሁለቱም ጥንድ ቁጥርን ሲረሱ ዓይን ላይ አቅማሙ። ለተማሪዬ ያን ቀን መንገር የነበረብኝ ይህን ነበር።

ሌላም ዕዳ አለብኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ አንድ ልጅ ፈተና ላይ «አይን» ብሎ በአልፋው አ ጻፈ፤ ማርክ ቀነስኩበት። «ቲቸር፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?» አለኝ። «ዓይን በዓይኑ ዐ ነው የሚጻፈው፣ በቃ» አልኩት። በቃ! ምክንያቱን እኔም አላውቀውም ነበር። ልጁ ቤቱ የሚናገረው አሪኛ ነው፤ እኔ አማርኛ። አንዳችንም ያን የጉሮሮ ድምፅ አናወጣውም፣ ግን አንዱ ቀጪ አንዱ ተቀጪ ሆንን።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። በ1905 እ.ኤ.አ. ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለ እንግሊዛዊ የመሬት ቁፋሮ ሊቅ ሲና በረሃ ውስጥ ሰራቢት ኤል ኻዲም በሚባል ቦታ፣ የጥንት ግብጾች ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ያወጡበት በነበረ ስፍራ፣ ያልታወቀ ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች አገኘ። ሥዕል ይመስላሉ፤ የበሬ ራስ፣ ቤት፣ ውሃ፣ የሰው ዓይን። የግብጽ ሥዕላዊ ጽሑፍ እንዳይባል ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው። በ1916 እ.ኤ.አ. አለን ጋርዲነር አንድ ተደጋጋሚ ቃል አነበበ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ ሥዕል የራሱን ስም የመጀመሪያ ድምፅ ይወክላል ብሎ ተነሣ። ቤት በ ነው። ዓይን ዐ ነው። እንዲህ እያለ ሲሄድ በ፣ ዐ፣ ለ፣ ተ መጣለት፤ «በዐለት»፣ እመቤቲቱ፣ ባለቤቲቱ። የኛ «ባለ»፣ «ባል»፣ «ባለቤት» የሚሉት የዚሁ ቃል ዘመዶች ናቸው። ማለትም ያ ሁሉ ምሥጢር ከተከፈተባቸው አራት ምልክቶች አንዱ የተሣለ ዓይን ነበር።

ከዚያ ሥዕሉ እየቀለለ ሄደ። ብሌኑ ጠፋና ክቡ ብቻ ቀረ። በየመን ድንጋዮች ላይ ክብ፣ በአክሱም ድንጋዮች ላይ ክብ። አሁን ስልካችሁ ላይ ዐ ብላችሁ ጻፉና እዩት። አሁንም ክብ ነው፤ አሁንም ዓይን ነው። አባቶቻችን «አልፋው አ»፣ «ዓይኑ ዐ» እያሉ ሲለዩአቸው ሲናን አይተው አይደለም፤ ግን ስሙም ሥዕሉም አብረው እጃቸው ደረሱ። በሌላ መንገድ ደግሞ ይኸው ክብ በፊንቄ በኩል ወደ ግሪክ ሄደ። ግሪኮች የዐ ድምፅ ስለሌላቸው ክቡን ለኦ ተጠቀሙበት። የእንግሊዝኛው ክብ ፊደል «ኦ» የዐ ወንድም ነው። ልጆች፣ «እንግሊዞች ከኛ ወገን የወሰዱት ዓይን» ከፈለጋችሁ እሱ ነው! ቃሉን አልወሰዱም፤ ሥዕሉ ግን በብዙ እጅ አልፎ ደረሳቸው።

በዒዛና ዘመን አ እና ዐ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። ኋላ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሲሆኑ ጸሐፊዎችም ብራና ላይ ማቀላቀል ጀመሩ፤ ስለዚህ ያ ተማሪዬ የመጀመሪያው አይደለም፣ ደብተራውም ተሳስቷል። ማልታ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ ቋንቋዋ ከዐረብኛ የወጣ ነው። እነሱም ድምፁን አጥተው ፊደሉን ይዘዋል፣ የፊደሉ ስምም «ዐይን» ነው። እዚያም ማርክ የሚቀነስበት ልጅ አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ። ፊደሉ ይጠበቅ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ዐን ብንጥላት የተሣለችውን ዓይን ነው የምናጠፋው። ግን ያላስተማርኩትን ምክንያት አላወቅህም ብዬ ማርክ መቀነሴ ልክ አልነበረም።

ይኸው ልጅ ያኔ ከክፍል ሲወጣ ያለኝ ነገር ነበር፤ «በኛ እኮ ዓይን አፊ ነው።» እኔም ሳቅሁ፤ «አፍና ዓይን ተምታታባችሁ እንዴ?» አልኩት። አላዋቂነቴን ተመልከቱ። በአሪኛ አፊ ዓይን ነው። በሐመርም እንደዚያው፣ በዲሜም የቀረበ ነው። ከአማርኛው «አፍ» ጋር በድምፅ መመሳሰሉ ከ«አይ» እና ከ«ዓይን» መመሳሰል አይሻልም። በኦሮምኛ ዓይን «ኢጃ» ነው፣ በሶማልኛ «ኢል»። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ዘር አለው።

አሪ፣ ሐመር፣ ካሮና ዲሜ በቋንቋ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ሊቃውንቱ ይስማሙበታል። እነዚህንና የሰሜን ጎረቤቶቻቸውን፣ ወላይታን፣ ጋሞን፣ ከፋን ጨምሮ «ኦሞቲክ» የሚለው ስም የተሰጣቸው ሃሮልድ ፍሌሚንግ በ1969 እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው ብሎ ከለያቸው ወዲህ ነው። ስሙ ከኦሞ ወንዛችን ነው። ይህ ቤተሰብ ከሴምና ከኩሽ ጋር አንድ ትልቅ ቤተ ዘመድ ውስጥ ይገባል ወይስ ብቻውን ነው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በተለይ የኛ የደቡቡ ክፍል። ክርክሩ የማያልቀው አንድም ማስረጃው ስላነሰ ነው። ለ«ዐይን» የአካድ ሸክላ አለ፣ የሲና ድንጋይ አለ፣ ብራና አለ። ለ«አፊ» ያለው የአያቶቻችሁ አፍ ብቻ ነው። አያትየው ሲሞት እርባታው፣ ብዙ ቁጥሩ፣ ድሮ እንዴት ይባል እንደነበር፣ አብሮት ይሄዳል።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አጠር አድርጌ ጽፌላታለሁ። «ክላስ ውስጥ ላቅርበው?» አለችኝ። አቅርቢው፣ ግን ግምት ያልኩት ላይ ኮከቧን እንዳትረሺ አልኳት።

ልጁንም ቅዳሜ ጂንካ ገበያ አገኘሁት። ባጃጅ ይነዳል፤ ከኋላ መስታወቱ ላይ ትልቅ ዓይን ለጥፏል። ታሪኩን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ቲቸር፣ ማርኬን መቼ ነው የምትመልስልኝ?» አለ። ሒሳብ ልከፍለው ስል እምቢ አለ፤ ዕዳው ሁለት ሆነ።

አሁን ልመናዬ፦ አሪኛ፣ በና፣ ሐመር፣ ካሮ፣ ዲሜ የምትናገሩ፣ ዓይን በቋንቋችሁ እንዴት እንደሚባል ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አንዱን ዓይን፣ ሁለቱን ዓይን፣ «ዓይኔ»፣ «ዓይንህ»፣ «ዓይኗን ታጠበች» የሚለውንም ጨምሩበት። ከቻላችሁ ከራሳችሁ ሳይሆን ከአያት ጠይቃችሁ። ከየት ቀበሌ እንደሆነም ጻፉ፤ የባካ ሰው እንደ ገዘር ሰው ላይናገር ይችላል። ደብተር ገዝቻለሁ።